ቦምብም እህልም ከሰማይ የጣሉት አብራሪ፦ የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሕይወት ታሪክ



የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስሜት አይሰማውም። አንዱ ልጅ ወደ ሜዳ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ሌላው ደግሞ ጦርነት ያየ ነውና እናቱን ይይዛል፣ ወይም አልጋ ሥር ይገባል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አውሮፕላን እህልና መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ቦምብም ይዞ ይመጣል። ብረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የተጫነው ነገርና ያዘዘው ሰው ነው።

በዚህ እትም የምንነግራችሁ በአንድ ዕድሜያቸው ሁለቱንም ስለሠሩ ሰው ነው። ስማቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይባላል። ስዊድናዊ ናቸው፤ ነገር ግን ከሕይወታቸው ብዙውን ክፍል ከኢትዮጵያ ጋር አሳልፈው በመጨረሻም በኢትዮጵያ ምድር ሞተዋል። ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. የተባለው በአውሮፓውያን ነው።

ልጅነትና ወጣትነት

ፎን ሮዘን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1909 በስዊድን አገር ነው። ቤተሰባቸው ባለጸጋና ባላባት ነበር። ካውንት የሚባለውም የአውሮፓ የመኳንንት ማዕረግ ነው። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን አፍሪካን ተዘዋውረው የጎበኙ አሳሽ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 አባትየው ለፊንላንድ አንድ አውሮፕላን በስጦታ ሰጡ፤ የፊንላንድ አየር ኃይልም ታሪኩን ከዚያች አውሮፕላን ይጀምራል።

በዚህ ቤት ውስጥ ግን ጥላም ነበረ። የፎን ሮዘን እናት እኅት ኸርማን ጎሪንግ የተባለ የጀርመን አብራሪ አገባች። ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ የሂትለር ቀኝ እጅና የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። ትንሹ ካርል ጉስታፍ እንግዲህ በአጎትነት የሚያውቁት ሰው በዓለም ላይ ብዙ ከተሞችን ያስደበደበው ሰው ነው። ሰው ዘመዱን አይመርጥም። የሚሄድበትን መንገድ ግን ሊመርጥ ይችላል።

ወጣቱ ፎን ሮዘን ከመኳንንት ኑሮ ይልቅ የሞተር ዘይትና ግሪስ ይወዱ ነበር። መካኒክነት ተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ፣ ከዚያም በሰማይ ላይ እየተገለባበጡ ለሕዝብ ትርኢት በማሳየት ይተዳደሩ ጀመር። ይህ ጨዋታ የሚመስል ሥራ በኋላ ጠቀማቸው። ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መብረርን የተለማመዱት ያኔ ነው።

የቀይ መስቀል አብራሪ በኢትዮጵያ

በመስከረም 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1935) የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰለፈች። ከነዚህም መካከል ካፕሮኒና ሳቮያ ማርኬቲ የተባሉ ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ሳቮያ 81 የተባለው ቦምብ ጣይ መንገደኛ ያመላልስ ከነበረ አውሮፕላን ተሻሽሎ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂት ሲሆኑ ለውጊያ የሚሆን አልነበረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነው ነበር፤ ነገር ግን ያለ አውሮፕላን አብራሪ ምን ያደርጋል?

የስዊድን ቀይ መስቀል በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራ የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቡድኑ የሰፈረው ከሞያሌ በስተምሥራቅ፣ በዶሎ አቅጣጫ፣ በገናሌ ወንዝ ዳር መልካ ዲዳ በተባለ ቦታ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸውን ድንኳኖች ደበደቡ። በአልጋ ላይ የተኙ ብዙ ቁስለኞች ሞቱ። ከስዊድናውያኑም አንዱ ሲሞት ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ። ዓለም ሁሉ ይህን ሰምቶ ተቆጣ፤ ወራሪውን ግን የሚያቆም አልተገኘም።

ፎን ሮዘን በዚህ ጦርነት የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን ለማብረር መጡ። ዕድሜያቸው ገና 26 ነበር። የያዟት ሄንከል የተባለች ሁለት ክንፍ በላይና በታች የተደራረበባት አነስተኛ አውሮፕላን ነበረች። ማኮብኮቢያ በሌለበት፣ ሜዳውን ሰዎች ድንጋይ እየለቀሙ በሚያዘጋጁበት ቦታ እያረፉ መድኃኒት ያደርሱ፣ ቁስለኛ ያነሱ ነበር። በሰሜኑ ግንባር የመርዝ ጋዝ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይናቸው አዩ፤ ራሳቸውም በጋዙ ተቃጠሉ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ የሚያበሩትን የቀይ መስቀል ፎከር አውሮፕላን የጣሊያን አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንዳለች ደብድበው አወደሟት።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። አንድ ወጣት መሣሪያ ሳይዝ ሰው ለማዳን መጣ፤ ከሰማይ የወረደው ቦምብም ሐኪሙን ከወታደሩ አልለየም። ፎን ሮዘን በኋላ የሠሩትን ሁሉ ለመረዳት ኮረምንና መልካ ዲዳን መርሳት የለብንም።

የመንገደኛ አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ሲሆን

ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ፎን ሮዘን የሆላንድ አየር መንገድ በሆነው በኬ.ኤል.ኤም. ተቀጠሩ። በዚያን ዘመን ከታወቁት የመንገደኛ አውሮፕላኖች አንዱ የአሜሪካው ዳግላስ ኩባንያ የሠራው ዲሲ-2 ነበር። ሁለት ሞተርና 14 መቀመጫ ነበረው። አካሉ በሙሉ ብረት ሆኖ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስብ ስለነበር እንጨትና ሸራ ከለበሱት ከቀደሙት አውሮፕላኖች ይፈጥን ነበር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1939 ሶቪየት ኅብረት ትንሿን ፊንላንድን ወረረች። ፎን ሮዘን ትልቅ አገር ትንሽ አገር ሲውጥ ሁለተኛ ጊዜ ማየታቸው ነው። ሥራቸውን ትተው አንድ ዲሲ-2ና ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ለፊንላንድ እንዲገዙ አደረጉ። የመንገደኛው አውሮፕላን በክንፉ ሥር የቦምብ ማንጠልጠያ፣ በጀርባው የመትረየስ ቦታ ተበጀለት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1940 መጀመሪያ በአንድ ሌሊት ፎን ሮዘን ይህንኑ አውሮፕላን አብርረው ከሶቪየት መስመር በስተጀርባ ቦምብ ጣሉ። ትናንት መንገደኞች ሻይ የሚጠጡበት አውሮፕላን ያን ሌሊት ቦምብ ጭኖ ሄደ። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በፊንላንድ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ቡና ቤት ተደረገ። ዛሬ ታድሶ በፊንላንድ ሙዚየም ይታያል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሞያሌ ሰማይ ላይም ተደርጓል። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ዩንከርስ 86 የተባሉ የጀርመን ሥራ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ መንገደኛ ያመላልሱባቸው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ቦምብ ጣይነት ተለወጡና ወደ ኬንያ መጡ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1940) ጣሊያን ወደ ጦርነቱ እንደገባች በሞያሌ አካባቢ ያለውን የጣሊያን ሰፈር ደበደቡ። በሐምሌ ወር እንግሊዞች ምሽጋቸውን ለቀው ወጡ፤ ሞያሌም እስከ የካቲት 1933 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ቆየች። ያን ጊዜ ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ወዲያና ወዲህ የሸሸው የዚሁ አገር ሰው ነው። የድንበር ከተማ ዕጣ ፈንታ እንዲህ ነው።

ወደ ፎን ሮዘን እንመለስ። ጀርመን ሆላንድን ስትይዝ የእንግሊዝ አየር ኃይል አባል ሆነው ናዚዎችን ለመውጋት ጠየቁ። የጎሪንግ ዘመድ በመሆናቸው ግን ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

ቢሾፍቱ፦ አብራሪዎችን ማፍራት

ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አየር ኃይል ለማቋቋም ቆርጠው ተነሡ። በ1928ቱ ጦርነት ሰማዩን ያጣ አገር መሬቱንም እንደሚያጣ ታይቷልና። በ1936 ዓ.ም. ጥቁሩ አሜሪካዊ አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ከጓደኞቻቸው ጋር ተመልሰው መጥተው ማሠልጠን ጀመሩ። ሮቢንሰን በወረራውም ጊዜ ለኢትዮጵያ ያበሩ ጀግና ናቸው። ፎን ሮዘን ከስዊድናውያን አሠልጣኞችና መካኒኮች ጋር የመጡት ከእሳቸው በኋላ ሲሆን እ.ኤ.አ. እስከ 1956 ድረስ በቢሾፍቱ አየር ኃይሉን በማደራጀትና በማሠልጠን ቆዩ።

እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። ጥሉ እስከ ድብድብ ደረሰና ሮቢንሰን አየር ኃይሉን ለቀቁ። ሁለቱም ለኢትዮጵያ ሕይወታቸውን ለመስጠት የተዘጋጁ ነበሩ፤ ሆኖም በአንድ ሰፈር አብረው መሥራት አቃታቸው። ሮቢንሰን ግን ኢትዮጵያን አልተዉም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለበሽተኛ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ወድቆ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ።

ከስዊድን የመጡት አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ሳፊር የተባለው የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ፎን ሮዘን ተጨማሪ ነዳጅ የተጫነበትን አንድ ሳፊር ይዘው ከስቶክሆልም ተነሥተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ደረሱ። ጉዞው ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ወደ 31 ሰዓት ፈጀ። አንድ ሞተር ብቻ ባላት ትንሽ አውሮፕላን ባሕርና በረሃ አቋርጠው መምጣታቸው በዓለም ተደነቀ። ሁለተኛው ሳብ 17 የተባለው ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ስዊድን ለራሷ መከላከያ በዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራችው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1960ዎቹ አገልግሏል። በእነዚህ አውሮፕላኖች የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ቆይተው ራሳቸው አሠልጣኝና አዛዥ ሆኑ።

በዚያው ዘመን ሌላም ሥራ ተጀመረ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖቹ ሲ-47 ወይም ዳኮታ የሚባሉት ናቸው፤ የዲሲ-3 የጦር ወንድም፣ የዚያ የዲሲ-2 ታናሽ መሆኑ ነው። አሜሪካ ለጦርነቱ ብዙ ሺህ ሠርታ ሰላም ሲወርድ በርካሽ የሸጠቻቸው ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። መቀመጫው በግራና በቀኝ የተዘረጋ የወታደር አግዳሚ ሲሆን ዕቃው መሐል ላይ ይጫን ነበር። ወታደር ሊያጓጉዝ የተሠራው አውሮፕላን ነጋዴና ተማሪ ያመላልስ ጀመር።

ዳኮታ ለአገራችን የተመቸበት ምክንያት አለው። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው ወደ 1,200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ ትንሿ ጎማ ከጭራው ሥር ስለሆነች አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩ ማለትም የሚሽከረከረው ውልብልቢት ድንጋይና ሣር አይነካም። በዝግታ ማረፍ ስለሚችልም አስፋልት ሳይፈልግ በሣር ሜዳ ላይ ያርፋል። መንገድ ያልደረሰባቸው ብዙ ከተሞች ከመኪና በፊት አውሮፕላን ያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቢያፍራ፦ እህልና ሮኬት

ፎን ሮዘን ወደ ስዊድን ተመልሰው ትራንስኤር በተባለ ኩባንያ አብራሪ ሆኑ። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ቢያፍራ የተባለው ክፍል በሁሉም በኩል ተከበበና እህል እንዳይገባ ተደረገ። ሆዳቸው ያበጠ፣ እጅና እግራቸው የከሳ ሕፃናት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ።

ነሐሴ 1968 እ.ኤ.አ. ፎን ሮዘን ምግብና መድኃኒት የጫነ ባለ አራት ሞተር ዲሲ-7 ይዘው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ተነሡ። ራዳርና ፀረ አውሮፕላን መድፍ እንዳያገኛቸው ከዛፍ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብለው በረሩና ከበባውን ሰብረው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች ተባብረው ከ5,000 በላይ በረራ አደረጉ። የሚያርፉት ኡሊ በተባለ ቦታ፣ ተራ አውራ ጎዳና ሰፍቶ ማኮብኮቢያ በተደረገበት፣ በሌሊት ነበር። መብራቱ የሚበራው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከአብራሪዎቹና ከረዳቶቻቸው ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ ሀብታም አየር መንገዶች ጄት እየገዙ ስለነበር አሮጌዎቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በርካሽ ይገኙ ነበር። የተራቡትን ያደረሱላቸው እነዚያ ጡረታ የወጡ አውሮፕላኖች ናቸው።

ፎን ሮዘን ግን በዚህ አልቆሙም። እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ሲመቱ ሲያዩ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 አምስት ትንንሽ የስዊድን ስፖርት አውሮፕላኖች አስመጥተው ሮኬት አስገጠሙላቸውና ከጥቂት ስዊድናውያንና ቢያፍራውያን ጋር የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ። በዓለም ላይ ብዙ ክርክር ተነሣ። ግማሹ ሰው ጀግና አላቸው። ግማሹ ደግሞ እርዳታ ሰጪ መሣሪያ ካነሣ እርዳታው ሁሉ እንደ ጦር ይቆጠራል፣ ጦርነቱንም ያራዝማል ብሎ ወቀሳቸው። ቢያፍራ እ.ኤ.አ. በጥር 1970 ተሸነፈች።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አንችልም። የእርዳታ መኪና ላይ ቀይ መስቀል ወይም ሌላ ምልክት የሚሳለው መሣሪያ የለበትም ለማለት ነው። ያ እምነት ሲጠፋ የሚራበው በመጀመሪያ ሕፃኑ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መልካ ዲዳና ኮረም ላይ ምልክቱ ማንንም አላዳነም፤ ፎን ሮዘን ያንን በወጣትነታቸው አይተዋል። ስለዚህ እንፍረድ ብንል ቀላል አይሆንም።

የመጨረሻው ሥራ፦ እህል መጣል

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በሌሎች ክፍላተ ሀገር የደረሰውን ድርቅ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እህል በወደብ ቢደርስ እንኳ መኪና ወደማይገባባቸው ተራራማ ቦታዎች የሚያደርሰው አልነበረም። ፎን ሮዘን ዕድሜያቸው 65 ሲሆን እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ትንንሽ አውሮፕላኖች በክንፋቸው ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥለው ዝቅ ብለው እየበሩ እንዲጥሉ አደረጉ። በቢያፍራ ሮኬት በተንጠለጠለበት ቦታ በኢትዮጵያ እህል ተንጠለጠለ። ሰዎች ይህን ሥራ የእህል ቦምብ እያሉ ጠሩት።

እህል ያለ ጃንጥላ መጣል የራሱ ብልሃት አለው። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ ካለ ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ይበተናልም። ብዙ ጊዜ ከረጢቱ በሌላ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ይከተታል፤ ውስጠኛው ሲቀደድ ውጭኛው እህሉን ይይዛል። ከሥር ያለው ሰውም ሜዳውን ለቆ መቆም አለበት፤ ከሰማይ የሚወርድ ጆንያ ሰው ይገድላልና። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜም የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ትልልቅ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እህል በዚሁ መንገድ ጥለዋል። ፎን ሮዘን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

በ1969 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ሲጀምር በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ባለችው በጎዴ ከተማ ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1977) በከተማዋ ላይ በደረሰ ድንገተኛ ጥቃት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር። በሰማይ ላይ ብዙ ጊዜ ከሞት ያመለጡት አብራሪ የሞቱት መሬት ላይ ነው።

ምን እንማራለን?

የእኒህ ሰው ሕይወት ያለ እንከን አይደለም። ቦምብ ጥለዋል፣ ሮኬት ተኩሰዋል፣ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ተጣልተዋል። ነገር ግን በቤተሰባቸው ሀብት ተቀምጠው መብላት ሲችሉ አራት ጊዜ የተጠቃ ወይም የተራበ ሕዝብ ወዳለበት ሄደዋል። የእጃቸውን ሙያ ያዋሉት ለዚያ ነው።

ልጆች፣ ሙያ ድንበር አይከለክለውም። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ይወጣል፤ የተማረውን ግን ማንም አይቀማውም። ዛሬ የምትማሩት ሒሳብና ሳይንስ ነገ አብራሪ፣ መካኒክ ወይም ሐኪም ሊያደርጋችሁ ይችላል። ያን ጊዜ በእጃችሁ የሚገባው መሣሪያ ሁለት ፊት እንዳለው አስታውሱ። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ከታች ያለውን ሰው ጉንዳን አድርጎ ያየዋል። እናንተ ግን ከታች ቆማችሁ ወደ ላይ አይታችኋልና ማን እንዳለ ታውቃላችሁ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይ፣ ቦምብ ጣይም ወደ መንገደኛ አውሮፕላን የተለወጠባቸውን ምሳሌዎች ከጽሑፉ አውጡ።

2. ዳኮታ በሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ የሚመቸው ለምንድን ነው?

3. እርዳታ የሚያመጣ ሰው መሣሪያ ቢያነሣ ትክክል ነው ትላላችሁ? ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

4. ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ያዩት የትና መቼ ነው? ምን ይዞ መጣ? የነገሯችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አምጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።